ሻምበል ያሳደረው ፍርድ

ሻምበል ካርቱም ከገባ ሰባት ዓመቱ፤ ሥጋ በአፉ አልዞረም። የሚያስቀው፣ እንጀራው ሥጋ መጥበሻ ቤት መሆኑ ነው። የጎንደር ክርስቲያን ነውና ሙስሊም ያረደውን ላይበላ ለእናቱ ቃል ገብቷል። አሠሪውን ኢሳን ግን እንዳይከፋው ፈርቶ "ጨጓራዬን ያመኛል" ብሎ ዋሸው። ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ሥጋ የሚጠበስበትን ድንጋይ እያጋለ ጭሱን ይጠግባል። በሕልሙ ግን ይበላል፤ ሲነቃ ከንፈሩን ልሶ ያማትባል። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደር። ከሥጋው ይልቅ የሚያንገበግበው፣ ሰው መሀል ተቀምጦ ብቻውን መብላቱ ነበር።

በሱዳን አብዮት ጊዜ ሕዝቡ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት ድንኳን ጥሎ ሲከርም፣ ኢሳም ድንጋዮቹን ጭኖ ከሻምበል ጋር ሄደ። ከጎኑ የዳርፉሩ ኦመር ሥጋውን በለውዝና በበርበሬ ለውሶ፣ እንጨት ላይ ሰክቶ ይጠብሳል። የከሰላው ኢሳ ደግሞ ሥጋ ከጋለ ድንጋይና ከጨው ሌላ አያሻውም ባይ ነው። መንግሥት ወደቀ፤ የእነሱ ክርክር አልወደቀም።

በረመዳን ማብቂያ ገደማ፣ ጦሩ ሥልጣን ያስረክብ ብሎ ሕዝቡ እዚያው እንደሰፈረ፣ ከማፍጠሪያ በኋላ፣ ጭሱና የመሸው ሰማይ ተቀላቅለው፣ ከበሮው ከሩቅ እየመጣ፣ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ይመስል ነበር።

"ስማ ሻምበል፣ አንተ የማንም ወገን አይደለህም። ቅመስና ፍረድ" አለው ኦመር።

ከዚያ ወዲያ ሻምበል መዋሸት አቃተው። እውነቱን ነገራቸው። ወዳጄን ኢሳን አጣሁ ብሎ አንገቱን ደፋ።

"ወላሂ፣ እኔ እኮ የጨጓራ መድኃኒት ስገዛልህ ኖርኩ" አለ ኢሳ፤ ተነሥቶም ሄደ።

በማግስቱ ማታ ከዓባይ ዓሣ ይዞ መጣ። "ዓሣ አይታረድም። ያላ፣ ብላ።"

አንዱን ኢሳ በድንጋይ፣ አንዱን ኦመር በለውዝ ጠበሱና ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ሻምበል ከደስታው ብዛት ጣዕሙን እንኳ በቅጡ አልለየውም።

"የማን ይበልጣል?" አሉት።

"ነገም ካላበላችሁኝ አልፈርድም።"

ጎሕ ሲቀድ ወታደሮች በሰፈረው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ድንኳኑ ነደደ፤ ሦስቱም በየፊናቸው ሮጡ። ኢሳን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ከሳምንታት በኋላ ኦመር ባሕሪ ድረስ መጣ። ከሻምበል ደጃፍ ተቀመጠ።

"በል ፍረድ" አለው። "የኢሳ ይበልጣል በል። እኔ ኮርቼ ሳልነግረው ቀረሁ።"

"ይበልጣል" አለ ሻምበል፤ ሁለቱም አለቀሱ።