ያልተደፈነው ቀዳዳ

ዛሬ ሸዋ በር አጠገብ ጣራ የሚጠግኑ ሰዎች ሬንጅ ሲያቀልጡ ሽታው፣ ፈላና በር በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን፣ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ክረምት ሊገባ ነው። ጎረቤታችን ወጣቱ አብዱላሂ የጣራችንን ቀዳዳዎች በሬንጅ ሊደፍን ወጥቷል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ከአንዷ ቀዳዳ የወረደውን ብርሃን በመዳፌ ይዣለሁ።

«አባዬ፣ ቀዳዳዋ ሦስት ማዕዘን ናት። ብርሃኑ ለምን ክብ ሆነ?»

አባቴ ጣራውን አየ፣ መዳፌን አየ።

«አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ ላይ ጮኸ፤ «አብዱላሂ፣ ይቺን ተዋት! ልጅቷ መልሱን እስክታገኝ አትደፈንም።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ዝናቡ አልጋዎት ላይ ነው የሚወርደው!»

«አልጋውን እናዞረዋለን።»

እናቴ እየተነጫነጨች ባልዲ አቀረበች። ክረምቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ ተኛሁ። «እስክታገኝ» ያለው ስጦታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመለስ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነገርኩት። «ክቡ የፀሐይ ምስል ነው አባዬ። ትንሽ ቀዳዳ እንደ ካሜራ ፀሐይን ወለሉ ላይ ታሳያለች።»

አሁንስ ያስደፍናታል ብዬ ነበር። እሱ ግን ባልዲውን በእግሩ ወደ ቦታው ገፋ አደረገና፣ «እሺ፣ ፀሐይዋስ ይህን ሁሉ ዘመን ስትነድ ለምን አላለቀችም?» አለኝ።

ያንንም መለስኩለት። ሌላ ጠየቀኝ። እስኪሞት ጠየቀኝ።

ቤቱ አሁን የእኔ ነው። ከሬንጅ አቅላጮቹ አንዱ፣ «እህት፣ የሚደፈን ጣራ የለሽም?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት፤ «ግን ገና መልሼ አልጨረስኩም።»