ከአንድ ትሪ በልተን ለየቅል ታመምን

መጀመሪያ የጠፋብኝ ሽታ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቤት፣ እሱ ራሱ አጥምዶ ያመጣው ዓሣ እየተጠበሰ ነጭ ሽንኩርቱ አልሸት አለኝ። መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብዬ በአፍንጫዬ ሳብኩ፤ ምንም የለም። ወደ ትውልድ ከተማዬ የመጣሁት ለዶክትሬት ጥናቴ ከኮሮና ያገገሙ ሰዎችን ደም ልሰበስብ ነበር። የማጠናው የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን እንዴት እንደሚዋጋ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከመደንገጤ ይልቅ መገረሜ በለጠ። በንባብ የማውቀው ምልክት ራሴ ላይ ደረሰ።

ስንመረመር ሁለታችንም ላይ ቫይረሱ ተገኘ። እኔን ትንሽ አተኮሰኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ አለፈ። ሰይድም መጀመሪያ ከእኔ የባሰ አልነበረም። ትኩሳቱ ሲበርድለት ተሻለኝ ብሎ መረቡን ሊጠግን ተቀመጠ። ግን ሲያወራ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለጥናቴ የያዝኩትን የኦክስጅን መለኪያ ጣቱ ላይ አደረግሁለት። የደሙ ኦክስጅን ቁጥር ዝቅ ብሏል። ጣት ቀየርኩ። ያው ነው።

ሆስፒታል አልሄድም አለ። ለመንኩት። ሄድን።

ደሴ ሆስፒታል ተኛ። ኦክስጅን ተደረገለት። ሳንባው አየር እንዲያገኝ በሆዱ አስተኙት። መናገር አቃተው። እጄን ብቻ ይይዛል።

የምታክመው ዶክተር ራጁን አሳየችኝ። "አሁን ሳንባውን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። የራሱ መከላከያ ከልክ አልፏል። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መድኃኒት የጀመርንለት እሱን እንዲያረጋጋልን ነው።"

ይህን አውቀዋለሁ። ሳይቶካይን የሚባሉትን የመከላከያ መልእክተኞች ስለካ ኖሬያለሁ። ግን ከአንድ እናት ተወልደን፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ የእኔ መከላከያ በልኩ ሲያቆም የእሱ ለምን አላቆመም? ጠየቅኋት።

"እሱን እናንተ ተመራማሪዎቹ ስትደርሱበት ትነግሩናላችሁ" አለችኝ።

ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ኦክስጅኑ ተነስቶለት ሐይቅ ከተመለስን በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት በውሃው ዳር፣ እሱ ከአንዱ ዛፍ እስከሚቀጥለው ሄዶ ሲቆም እኔም አብሬው እየቆምኩ፣ ስለ ነጭ የደም ሴሎች ሲጠይቀኝ የማውቀውን እየነገርኩት፣ የማላውቀውን አላውቅም እያልኩት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ደረቱን ነካ አድርጎ፣ "በይ እንግዲያ የኔንም ደም ውሰጂና እይው" አለኝ።

አማካሪዬን ሳማክራቸው፣ እህት የወንድሟን ናሙና ለይታ ማየት የለባትም አሉ። ሌላ ባለሙያ ፈቃዱን ጠይቆ ደሙን ቀዳ፤ ቱቦው ላይ በስሙ ፈንታ ኮድ ተለጠፈ።

ዶክተሯንና የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፉ ያመላለሱትን ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። እናንተ የምታስታምሙ፣ ትኩሳት በረደ ብላችሁ አትዘናጉ። የታማሚውን ትንፋሽ አዳምጡ፤ መለኪያ ካገኛችሁ ለኩ። ዴክሳሜታዞንም ወንድሜን ረድቶታል ብላችሁ ሐኪም ሳያዝ እንዳትሰጡ፤ ያለ ጊዜው ከተወሰደ ሰውነት ቫይረሱን እንዳይዋጋ ያዳክመዋል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራዬ ተመልሻለሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ካሉት የደም ቱቦዎች አንዱ የሰይድ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እንደ ወንድሜ ደም አድርጌ እይዛቸዋለሁ።