ሦስት ጓጉንቸር ያለው ሣጥን

በመንደሩ ውስጥ “ችኩሊት” ካላችሁ ማንም ቤቷን ይጠቁማችኋል። እጇ ከአፏ ይቀድማል፤ እግሯ ደግሞ ከሁለቱም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም በእጅ መርፌ ስትሰፋ ጣቷ ወንፊት ሆኗል። አንድ ጊዜ ከባለሱቁ በአራጣ ተበድራ፣ ዋናው ሳይነካ ለወለዱ ብቻ ሁለት ፍየሎቿ ሄዱ። ዛሬም ድረስ ከእሱ ሱቅ ክብሪት እንኳ አትገዛም።

በአራጣው የተቃጠለችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ሃያ ሁለት ሴቶች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፣ ባለተራዋ ትበደራለች፣ የወሰደችውን ያህል ብቻ ትመልሳለች። ወለድ የሚባል ነገር የለም! ገንዘቡ ሦስት ጓጉንቸር ባለው የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፤ ከሃያ ሁለቱ አንዷ አባል እንኳ ከጎደለች አይከፈትም። አንዷ ቁልፍ ያዥ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ችኩሊት!

ዛሬ ተራዋ ደርሷል። አሮጌው ልብስ ሰፊ ዓይኑ ስለደከመ የስፌት መኪናውን ሊሸጥ ነው። “እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ የከተማው ነጋዴ ይወስዳታል” ብሏታል። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የማኅበሩ ሰብሳቢ ግቢ ደርሳ በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀች። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ቁልፏን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። የለም። ኪሷን ገለበጠች። የለም! ያኔ ትዝ አላት። ባለፈው ስብሰባ “ቀጣይዋ አንቺ ነሽ” ሲሏት፣ በደስታ ስትፈነጥዝ ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ ጥላ ጓጉንቸሩን ጠቅ አድርጋ ዘግታዋለች።

“ውስጥ ነው” አለች በቀጭን ድምፅ።

“ምኑ?” አለች ሰብሳቢዋ።

“ቁልፉ።”

“ወይ ጉድ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!” ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ችኩሊት ግን እንባዋ ቀረበ።

በያጁን ከብረት መጋዙ ጋር አስጠሩ። ጓጉንቸሩ ከመቆረጡ በፊት አባላት ተቆጠሩ፤ ሃያ አንድ። የጎደለችው የልብስ ሰፊው ሚስት እትዬ ነበረች። ችኩሊት እየከነፈች ሄደች። እትዬን ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ አገኘቻት። ነጋዴው ገመዱን ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

“ልጄ፣ ቀድሞ መጣብን! ከዚህ ብነሳ ይጭናታል!”

ችኩሊት ትንፋሽ አጥሯት ተመለሰችና ነገረቻቸው። ሰብሳቢዋ አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ ሴቶቹን አየች።

“እሷ መምጣት ካልቻለች ሣጥኑ ይሂዳላ! አንሱ!”

ኧረ ያንን ቀን ማየት ነበር! አራቱ ሣጥኑን ተሸከሙ፣ የቀሩት “ዞር በሉ!” እያሉ መንገድ አስለቀቁ፣ በያጁ መጋዙን ይዞ ከኋላ ሮጠ። ባለሱቁ ደጁ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ችኩሊት ከፊት ነበረች።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሣጥኑ ልብስ ሰፊው ቤት ወለል ላይ አረፈ። መጋዙ መንጫጫት ሲጀምር ነጋዴው፣ “አምስት መቶ እጨምራለሁ!” አለ። ሁሉም ልብስ ሰፊውን አዩት። ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

“ስድስት አልሞላም” አለ። “ቃሌን አልበላም።”

ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ወደቀ፣ የቀሩት ሁለቱ በቁልፎቻቸው ተከፈቱ፤ እልልታው ጣራውን ነቀነቀው። ቁልፉ ገንዘቡ ላይ ጉብ ብሎ ነበር። ሃያ ሁለቱም ባሉበት ተቆጥሮ ተከፈለ፣ መኪናዋ የችኩሊት ሆነች። ነጋዴው ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ።

አዲስ ጓጉንቸር ተገዝቶ ሲመጣ ችኩሊት አንገቷን ደፋች። “ቁልፉን ለሌላ ስጡ። እኔ አልሆንም።”

“የጓጉንቸሩን ዋጋ ትከፍያለሽ” አለች ሰብሳቢዋ ኮስተር ብላ። “ወለድ የለውም!” ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ከዚያ አዲሱን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት። “አንዴ እንዲህ የደነገጠ ሰው ሁለተኛ አይረሳም። በይ ያዥ።”

ችኩሊት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። ባለሱቁ ፍየሎቿን ወሰደ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አምኗት አያውቅም ነበር። እትዬ ከወንበሩ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት። ችኩሊት ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ብጣሽ አንስታ ፔዳሉን ረገጠች፣ ዳር እስከ ዳር ሰፋችው፣ ቁልፉን አሰረችበትና አንገቷ ላይ አጠለቀችው።