ትኩሳቱን የሸፈነው ክኒን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። «ሌላስ?» ሲሉኝ ጾም መግደፌን እናገራለሁ፤ የኔታን እዘላለሁ። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም፤ ስለዚህ ስማኝ።

የኔታ ዳባት አጠገብ ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከባሌ ተፋትቼ፣ ከሕፃናት ጋር ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ልጆቹ «እማማ ሀሁ!» እያሉ ሲስቁብኝ፣ «ዝም በሉ፤ ፊደል ዕድሜ አይጠይቅም» ይሏቸው ነበር። ከዚያ የማታ ትምህርት፣ ከዚያ ኮሌጅ፤ በመጨረሻ ደባርቅ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆምሁ።

በኮሮናው ጊዜ የኔታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ተደግፈው መጡ። ከታመሙ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ ትኩሳትና ደረቅ ሳል፤ ትንፋሻቸው ግን ደኅና።

«የዘገየችው ተማሪዬ ሐኪሜ ሆነች» ብለው ሳቁ። «ያንን በሬዲዮ ተገኘ የሚሉትን መድኃኒት ስጪኝማ። ለማርያም ንግሥ መቆም አለብኝ።»

ዴክሳሜታዞን ማለታቸው ነው። አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አንብቤዋለሁ፣ አስምሬበታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ የሚዋጋው የገዛ አካላችን ነው። በኋላ ግን በአንዳንዱ ሰው ያው መከላከያ ልክ ያልፍና ሳንባውን ራሱን ያቆስላል። ክኒኑ ያንን የበዛ ቁጣ ያበርዳል፤ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ደረጃ ለደረሰ በሽተኛ ነው። ገና በሦስተኛው ቀን መስጠት ዘበኛን ትጥቅ ማስፈታት ነው።

ሰጠሁ። ለምን? «ሐኪሜ» ስላሉኝ። «ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ብል እንደገና እማማ ሀሁ የምሆን መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ደወሉ። «ላቤ ወጣልሽ እኮ! ለማኅሌቱ እቆማለሁ።»

እኛ አገር ላብ ወጣ ማለት በሽታ ወጣ ማለት ነው። እኔ ግን ክኒኑ ትኩሳቱን እንደሸፈነው አውቅ ነበር። «አይሂዱ፤ ተሳስቻለሁ።» ሁለት ቃል ነበር። አላልኩም። «እሰየው የኔታ» አልኩ። መስጠቴን ስሕተት በለው፤ ይህንን ግን ምን ትለዋለህ?

መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ፣ አሸበሸቡ። ከንግሡ በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ሐኪሙ «ቀድሞ ምን ወስደዋል?» ሲል ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ እኔ አዩ። እኔ፣ በአንድ ፊደል ስሕተት ገጽ የምቀድ ሴት፣ «የራስ ምታት ክኒን» አልኩ።

በሳምንቱ ሞቱ።

ያለ እኔስ ይሞቱ ነበር? ምናልባት። ይህን ምናልባት ስንት ዓመት ተደገፍኩት! መቋሚያ አይሆንም።

በአርባቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ አቅፈው ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ያንቺ መድኃኒት አይደል ለማርያም ያቆመልኝ!»

«አሜን» አልኩ።

ዛሬም መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ ዛሬም አሜን እላለሁ። ካንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የሚመርቁት ማንን እንደሆነ አያውቁም።