ሁለት እጅ፣ ሦስት ፔዳል

ችግሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ አሮጌ መኪና ሦስት ፔዳል አለው፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ። በዚያ ላይ መሪና ማርሽ አለ። የምትነዳው ሴት ደግሞ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። ታዲያ አምስቱን ሥራ ሁለት እጅ እንዴት አድርጎ ይሥራው? ወንድሟ መካኒክ ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ ጋራዡ ውስጥ ከተከተተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

የሚገርመው ሥራው እሱ ላይ መውደቁ ነው። በጋራዦቹ ሰፈር የሚታወቀው «ኦርጅናሌው» በሚል ስም ነበር። የቆየ መኪና ሲጠግን ፋብሪካው ካስገባው ብሎን በቀር ሌላ አያስገባም። ሰፋ ያለ ጎማ፣ አዲስ ሞተር፣ የሚያብለጨልጭ መብራት ግጠምልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣበት «ሂድና አያትህንም ጂንስ አልብሳቸው» ብሎ ይመልሰዋል።

እሱና ታናሽ እህቱ በዕድሜ ከሁለቱም የሚበልጥ መኪና ከቁርጥራጭ ብረት መሃል አንስተው ለዓመታት ሲያድሱት ኖሩ። እሱን ደስ የሚለው መኪናው ቆሞ ሲያየው ነው፤ እሷን ሲሄድ። የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ነበረች።

«ጋሼ፣ አንተ የምትፈልገው መኪና አይደለም፤ ሐውልት ነው» ትለው ነበር።

በመጨረሻ የጎደለው የፊት ፍሬን ቱቦ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ዘይት በቀጭን ቧንቧ እየተገፋ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። የፊት ጎማዎች ወዲያ ወዲህ ስለሚዞሩ ጫፋቸው ላይ የብረት ቧንቧ አይሆንም፤ የሚተጣጠፍ የላስቲክ ቱቦ ይገባል። የዛሬ መኪኖች መስመራቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ያቆማል። የዚያን ዘመን መኪና መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም።

ጎረቤቱ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ፣ አዲስ ቱቦ ይዞለት መጣ። የሌላ ፋብሪካ ነው፤ ርዝመቱ ግን ልክክ ያለ።

«በል ግጠምና ተገላገል።»

«ባዕድ ላስቲክ አላስገባበትም።»

«ላስቲክ ዘመድ አለው እንዴ?»

አልሰማውም። ፈልጎ ፈልጎ ከተዘጋ መለዋወጫ ሱቅ ዋናውን አገኘ። ካርቶኑ አልተከፈተም፣ የፋብሪካው ማኅተም እንኳ አልተነካም። እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አመጣው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሳሳተው የእሱ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ላስቲክ የሚያረጀው በሥራ ብቻ አይደለም፤ ተኝቶም ያረጃል። ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው ከዓመት ዓመት ይደርቃል። ከውጭ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ኋላ ላይ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ ያየው ራሱ ነው።

ቱቦው ተገጥሞ ሲወጡ ቁልቁለት ላይ ነበሩ። እሷ ትነዳለች፤ እሱ ከጎኗ ዓይኑን ጨፍኖ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ ፍሬን የለም።»

የቀለደች መሰለው። «እስቲ ደግመሽ ርገጪው።»

ረገጠች። ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ገጠመ። ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፤ የእጅ ፍሬን ግን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፣ ያውም በገመድ። ከታች መንገድ የሚሻገር ሰው ነበር። መሪውን ወደ ድንጋይ አጥር ያዞረችው አውቃ ነው፤ በራሷ በኩል እንዲጋጭ።

እሱ ግንባሩ ተፈነከተ። የእሷ አከርካሪ ተሰበረ።

እንጀራዋ በዚያው ቀረ። ቀኑን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እያለች ትገፋዋለች፤ ከመቀመጥ ብዛት የወጣባት ቁስል አልድን ብሏታል። እሱ የመኪናውን ላሜራ አቃንቶ ሸራ አልብሶ ገዢ ሲያፈላልግ ሰማች።

«ማን ሽጥ አለህ?»

«ምን ላድርገው ታዲያ?»

«እኔ እነዳዋለሁ።»

«እህቴ፣ እባክሽ…»

«ግማሼን የወሰደው እሱ ነው። የተረፈውን ግማሽ ይዞ ይሂድ። ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

ማርሹን በራሱ የሚቀይር መኪና ቢሆን ሥራው ግማሽ ያህል እንደሚቀል ኤሌክትሪሺያኑ ነገራቸው። እውነቱን ነው። ግን ያላቸው ይኼው ነው፤ እሷም ሌላ አልፈልግም ብላለች።

መጀመሪያ የፍሬኑን መስመር ለሁለት ከፈለው። ለዚህ ከሞተሩ ኋላ ያለው ላሜራ መበሳት ነበረበት። በዕድሜው ጤነኛ ላሜራ በስቶ አያውቅም። መብሻውን ትራፓኖ እንደያዘ ቀረ።

«ምነው?» አለችው እህቱ ከወንበሯ ላይ ሆና። «ያመዋል ብለህ ነው?»

በሳው።

ቀጥሎ ፍሬንና ነዳጅን ከመሪው ጎን በገጠመው አንድ ዘንግ አያያዛቸው። ወደ ፊት ሲገፉት ፍሬን፣ ወደ ታች ሲጫኑት ነዳጅ። እንዴት ያለ ሸጋ ዘዴ ነው! የግራ እጇ ዘንጉን ይዞ በጣቶቹ መሪውንም ይቆጣጠራል። ፍሪሲዮኑን በሌላ ዘንግ በቀኝ አደረገው። ስሌቱ አልሞላ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማርሽ የሚገባው ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከጎማዎቹ ሲያላቅቅ ነውና ሁለቱ እኩል መያዝ አለባቸው፤ ቀኝ እጅ ደግሞ አንድ ነው።

ግቢው ውስጥ ሞከሩት። ማርሽ ልትቀይር ስትል ግራ እጇን ለእርዳታ አመጣችውና መሪው ባዶ ቀረ። መኪናው በእግረኛ ፍጥነት እያዘገመ ሄዶ ከግንቡ ጋር ተጋጨ። መብራቱ እንኳ አልተሰበረም።

«ዘንጉን ለምን አልገፋሽውም?»

«ረገጥኩት እኮ» አለችው። ቁልቁል ጉልበቷን አየች። «በእግሬ ረገጥኩት፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ አልመጣችም።

አሁን የያዘው ሌላ መንገድ ነው። ሞተር ነዳጅ ሲቀነስለት አየር በኃይል ይስባል። ይህን ስበት በጣሳ ማጠራቀም ይቻላል። የማርሹ እጀታ ላይ ትንሽ ማብሪያ ገጠመ፤ ሲጫኑት የጣሳው ስበት ፍሪሲዮኑን ይጎትታል፤ ሲለቁት አየር በአንዲት የናስ ክዳን ጠባብ ቀዳዳ እየገባ ይመልሰዋል። ማርሹን የያዘው እጅ ፍሪሲዮኑንም ሠራ ማለት ነው። ሁለት እጅ በቃ!

ያስቸገረችው ቀዳዳዋ ናት። ከሰፋች ፍሪሲዮኑ ባንዴ ይለቅና መኪናው ይዘላል፤ ከጠበበች ፍሪሲዮኑ ሲንፏቀቅ ይቃጠላል። የእህቱ ወገብ ዝላይ አይችልም።

ሲሞክር ሁለቱንም እግሩን በቀበቶ ከመቀመጫው ጋር ያስራል። ካላሰራቸው ሳያስበው ይረግጣሉ። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ባየው ቀን ሊቀልድ ዳድቶት ነበር፤ ከዚያ ቀበቶውን አጠበቀለት።

ዛሬ እህቱ ደወለች።

«ዘለለ?»

«ዘለለ።»

«ከትናንት ይብሳል?»

«ይሻላል። ትንሽ።»

«ትንሽ ስትል?»

«አንገቴን አላመመኝም።»

«ስለ አንገትህ ማን ጠየቀህ? ስለ ወገቤ ንገረኝ።»

«ለወገብሽ ገና ነው።»

ዘጋችው። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላለችም። እሱ ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ የናሷን ክዳን ነቀላት። ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ብየዳ ደፈነና ካለው ሁሉ በቀጠነው መርፌ እንደ አዲስ ይበሳት ጀመር።