የእማዬ ቤንዚን

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ማደያ ሰልፍ ላይ፣ በታናሽ እህቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ተራችንን ስንጠብቅ፣ ያ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ሌላውን ሰው የቤንዚን ሽታ ራሱን ያመዋል፤ እኔ ግን አንኮበር ያለው ቤታችን ይመጣብኛል፤ አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንዲት ቀጭን የወይራ ዱላ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ እርጥበቷ የት ድረስ እንደደረሰ ዓይኑን አጥብቦ ሲመለከት ይታየኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴና ጋሼ ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በሽርክና የያዟት፣ ሸራ የለበሰች አጭር አሮጌ ጂፕ ነበረችን፤ ከቆላው በርበሬና ሎሚ፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ ታመላልስ ነበር። የነዳጁን መጠን የምታሳየው መርፌዋ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችው። ስለዚህ አባቴ የቀኙን ወንበር አንስቶ፣ ከሥሩ ያለውን የቤንዚን ታንከር ክዳን ከፍቶ፣ ዱላዋን እያስገባ ይለካ ነበር። ዱላዋ ላይ በቢላ የተቆረጡት ምልክቶች ቁጥር ሳይሆን የአገር ስም ነበራቸው፤ አንዱ «አልዩ አምባ ደርሶ መልስ» ነው፣ ሌላው «ደብረ ብርሃን»። አባቴም እንደ እኔ ከፊደል ጋር ብዙም ያልተወዳጀ ሰው ነበርና የሚለካው ሊትር ሳይሆን መንገድ ነበር። አንድ ሕግ ግን ነበረው፤ መኪናዋ አውድማው ላይ ካልቆመች ዱላ አይገባም። አንኮበር ላይ ሜዳ ብርቅ ነው፣ እኛ ግቢ ደልደል ያለው መሬት ያው አውድማው ብቻ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቤንዚኑም በኩፖን፣ መንገዱም ጭቃ ይሆንና፣ ጎማዋ ባዶውን በተሽከረከረ ቁጥር የአባቴ ፊት ይጠቁር ነበር። ቁልቁለት ባገኘ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ይለቃት ነበር፤ ያን ጊዜ ከሸራው መርገብገብና ከነፋሱ በቀር ምንም አይሰማም። እማዬ በዚህ ትስቅበት ነበር።

«ይቺ ከጥንድ በሬ በላይ ትበላለች» ትለው ነበር፤ «በሬስ የበላውን ተኝቶ ያመነዥጋል፣ ይቺ ጢስ አድርጋ ትተፋዋለች።»

በጋው ገብቶ ገብሱ ሲወቃ እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁለቱ እቤት ተወልደው አልተረፉም፣ በኋለኛው እሷም ለጥቂት ነበር የዳነችው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ ይህኛው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ካልሆነ እንዳትሞክሩት አለው። አባቴ ቤት ገብቶ ቢላውን አወጣና፣ ዱላዋ ላይ ከሌሎቹ የጠለቀ ምልክት ቆረጠ። ከዚያ በታች ያለው ቤንዚን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስም ወጣለት፤ የእማዬ ቤንዚን።

ጋሼ ሰይድ ገበያ ሊያመልጠው ሲል ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ይመጣ ነበር።

«አያ ተክሌ፣ በርበሬው በጆንያ ታስሮ ቁጭ ብሏል እኮ።»

«ሰይዴ፣ ያለው የእሷ ነው።»

«የእሷ ከሆነ በቃ፣ አላህ በሰላም ያውጣት። በርበሬው በአህያ ይወጣል።» ይህን ብሎ አንድም ቀን ፊቱን ሳያጠቁር ይመለስ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አውድማው ረግረግ ሆነ፣ አባቴም መኪናዋ እንዳትሰጥም ብሎ ደጃፋችን ላይ አቆማት። ከዚያ የጋሼ ሰይድ በርበሬ ዝናብ እየመታው ነው የሚል መልእክት ደረሰ። አባቴ ዱላዋን ከተተ፤ እርጥበቱ ከእማዬ ምልክት እጅግ አልፎ ወጣ። «ተመስገን፣ ትርፍ አለን!» ብሎ ቁልቁል ወረደ፤ በርበሬውን ጭኖ ሲመለስ መኪናዋ ያን የአልዩ አምባ ዳገት እያቃሰተች ወጣች፣ ጋሼ ሰይድም እኛው ጋር አደረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እማዬን ምጥ ያዛት። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟት፣ ጋሼ ሰይድ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔም የሚጠብቀኝ ሰው ስለጠፋ ተጫንኩ። ዳገቱን ጨርሰን ደጋው ሜዳ ላይ ወጥተን፣ ደብረ ብርሃን ገና ሳትታይ፣ መኪናዋ ሳል ጀመራት፤ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። አባቴ ዱላዋን ከትቶ ሲያወጣት ጫፏ ብቻ ነበር የረጠበው። የሆነው ያን ጊዜ ገባው፤ ደጃፋችን ወደ ቀኝ ያዘቀዘቀ ነውና፣ ቤንዚኑ ክዳኑ ወዳለበት ጎን ተጠራቅሞ የሌለውን አለ ብሎት ኖሯል።

«ደጃፍ ላይ ለካሁት» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ጋሼ ሰይድ አልወቀሰውም፤ ወርዶ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ሌላ መኪና መጠበቅ ዝናብን በኅዳር መጠበቅ ነበር።

እማዬ ከፍራሹ ላይ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ «አንተ ሰውዬ» አለች፤ «ጠላ ከጋኑ ሲንጠፈጠፍ እኔ ምን ሳደርግ ነው የምታየኝ? አልቋል ብዬ እተወዋለሁ ወይስ አዘነብለዋለሁ?»

አባቴ ወደ ታንከሩ ዞረ። ከዚያ «ቤንዚን መምጠጫው ቱቦ በግራ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከጋሼ ሰይድ ጋር እየገፉ የቀኝ ጎማዎቿን ከመንገዱ ዳር ካለው ከፍታ ላይ አወጧቸው፤ መኪናዋ ወደ ግራ አዘነበለች፣ አባቴ ቁልፉን ደጋግሞ ሲጠመዝዘው አቃስታ ተነሳች። እንዳዘነበለች ዳር ዳሩን ይዛ ተንፏቀቀች። ጋሼ ሰይድ በግራ በኩል በሸራው ብረት ተንጠልጥሎ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላል፣ እኔ ወደ ግራ ተለጥፌያለሁ፣ እማዬም እያማጠች፣ «ሰይድ፣ ዛሬስ ከበርበሬህ የከበድኩት እኔ ነኝ» ትለዋለች።

የከተማው ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋ። እዚያ ላይ ግን መንገዱ ወደ ታች ዘቅዘቅ ይላል፤ አባቴም እንደ ክረምቱ ጊዜ ለቀቃት። ድምፅ ሳናሰማ ከተማው ዳር ደረስን፣ ከዚያ ወዲያ ያገኘነው ሰው ሁሉ ገፋን። እህቴ ረፋድ ላይ ተወለደች፣ እማዬም ዳነች። አባቴ እስኪሞት ድረስ ልጅቱን «ጠብታዬ» እያለ ይጠራት ነበር።

ያቺ ልጅ ናት እንግዲህ ዛሬ ከፍ ያለች ትንሽ መኪና የምትነዳው። መኪናዋ በየኪሎ ሜትሩ ምን ያህል እንደበላች፣ የቀረው ምን ያህል እንደሚያስኬዳት ከመሪው ፊት ባለች መስታወት ላይ ጽፋ ታሳያታለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ አብዝታ በላች» ትለኛለች።

«ሜዳ ላይ አቁመሽ ነው ያየሽው?» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

የዛሬዋ ከአባቴ ዱላ ይልቅ ትክክል ናት፣ ይህን አልክድም። ምን ያህል እንደቀረ ትናገራለች፤ የቀረው የማን እንደሆነ ግን አትናገርም። ወደ አንኮበር ስንሄድ ያኔ ጂፗ የቆመችበት ሜዳ ላይ ስንደርስ፣ እኔ ሳላስበው ወደ ግራ ዘንበል እላለሁ። አንድ ቀን ዞር ብዬ ባያት፣ እህቴም መሪዋን እንደያዘች ዘንበል ብላለች፤ ያን ቀን የነበረች ይመስል። ለነገሩ ነበረች።