ድምፅ አልባው ፊልም በብረት በር ማዶ

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጭነት መኪኖች በሚሰለፉበት ግቢ ውስጥ ነው። እጄ ላይ ከበርበራ የመጣ የሲሚንቶ ጭነት ሰነድ ነበር። ሁለት ሰዎች መጡና አንደኛው ስሜን ጠርቶ «አንተ ነህ?» አለኝ። «ነኝ» አልኩ። ሰነዱን ለማን እንደማስረክብ ስጠይቀው «መሬት ላይ አስቀምጠው» አለ። ንፋስ ነበር። ድንጋይ ፈልጌ ከላዩ ጫንኩበትና ተከተልኳቸው።

ክፍሉ የፈራሁትን ያህል ጠባብ አልነበረም። ርዝመቱ ስድስት ርምጃ፣ ወርዱ አራት። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ጀርባ የተደገፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ለቋል። በሩ የብረት ፍርግርግ ስለሆነ ግቢው ይታያል። አንድ ግራር፣ የውሃ ታንከር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የደንብ ልብስ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች ተኝተዋል። ሦስተኛው ፂሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነው፤ ከከተማ ውጭ በውሃ ጉድጓድ ጠብ የተያዘ ከብት አርቢ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ምንጣፉን እስከ ግማሽ ጠቅልሎ «ፈዲሶ» አለኝ። ተቀመጥ ማለቱ ነበር። ተቀመጥኩ።

ለምን እንደተያዝኩ አላጣሁትም።

አገር ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሐርጌሳ ከመጣሁ ወዲህ ለአንድ የጭነት ድርጅት ሰነድ እጽፋለሁ፤ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ዓርብ ሥራ ስለሌለ በበርበራና በጠረፍ መንገድ የሚሠሩ የአገሬ ልጆች፣ ሹፌሮች፣ እኔ ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። ላፕቶፔ ድምፅ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። ላሠራው ሳስብ፣ ፊልም ድምፅ ሳይኖረው በፊት የተሠሩ የድሮ የካውቦይ ፊልሞች አገኘሁ። እነሱን ለማየት ድምፅ አያስፈልግም። ማሠራቱን ተውኩት።

ሹፌሮቹ ወደዷቸው። አገሩ የእኛን መንገድ ይመስላል፤ የደረቀ ወንዝ፣ እሾህ፣ አቧራ፣ ከሩቅ የሚታይ ራቁት ተራራ። ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ ቁልቁለት ሲወርድ አንዱ «ፍሬን የለውም እኮ» ይላል። ሌላው «ጭነቱን ወደ ኋላ አብዝተውታል፤ ይገለብጣቸዋል» ይላል። ብዙ ጊዜም ይገለበጥ ነበር። በየመሃሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሰው እንዲስቅ ብዬ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሹፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ይነቁብኝ ነበር። «ሰውዬው አፉን የከፈተው ለሁለት ቃል ነው። አንተ ስብከት አደረግኸው» ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ከመካከላችን አንዱ መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና ግጭት ተይዞ ወራት አለፉት፤ ዳኛ ፊት አልቀረበም። አንድ ዓርብ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማንም አልተነሳም። ስለ እሱ አወራን። «ወይ ይፈታ ወይ ይከሰስ» የሚል ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ቃሉን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ከታች «ሹፌሮች» ብለን ተውነው። መልስ ሳይመጣ ሲቀር «አንድ ቀን መኪና አናንቀሳቅስ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቆምን። ከአራት ቀን በኋላ እኔን ወሰዱኝ፤ ክፍሌ ገብተውም ላፕቶፑን ወሰዱ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አልመታኝም። ወተት የበዛበት ሻይ አስመጣልኝ። አማርኛ ስለማይችል ከጠባቂዎቹ አንዱን ለማስተርጎም ጠራ። ጠባቂው ቀጭን፣ ረጅም፣ አርባውን ያለፈ ሰው ነበር። በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ጅጅጋ ስላደገ አማርኛው ውሃ ነው፤ ለሰው ሁሉ «አንተ» ከማለቱ በቀር። ለአዛዡም አንተ፣ ለእኛም አንተ።

«ድምፅ የሌለው ፊልም ለማየት በየሳምንቱ አሥር ሰው ይሰበሰባል ወይ ይላል» አለኝ ጠባቂው።

«ይሰበሰባል።»

«ሥራ የላቸውም ወይ ይላል።»

«ዓርብ ነው ይበሉልኝ።»

መርማሪው ፈገግ አለ። ደብዳቤውን አሳየኝ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልካድኩም። መኪና ይቁም ያለው ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሁላችንም ነን» አልኩ።

ጠባቂው ተረጎመ፤ መልሱንም አመጣ። «ሁላችንም የሚባል ሰው የለም ይላል።»

ሻዩን ጠጥቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ለቀናት የጠራኝ የለም። ጠዋት ላሆህ የሚሉት ስስ እንጀራና ሻይ፣ ቀን ሩዝ። ሽማግሌው በጣቶቹ ከብቶቹን በየቀለማቸው እየጠራ ይቆጥራል። ማን እንደሚያጠጣቸው አያውቅም ነበር።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ግቢው ጭር አለ። ጠባቂው ላፕቶፔን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ ገመድ ከጥበቃው ክፍል ስቦ አመጣና ጀሪካን ደፍቶ በፍርግርጉ ማዶ አስቀመጠው። ደብተርና እስክሪብቶ ነበረው።

«ውስጡ ያለውን ሁሉ አይተህ ሪፖርት አድርግ ተብያለሁ» አለ። «ሦስቱን አየሁ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም። ጽሑፍ ይመጣል፣ እንግሊዝኛ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ላንብብልዎት?»

«አንብብልኝ። ግን እንዳለ። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ይህን ሲል ጋሼ ትዝ አሉኝ።

ፊልሙ ስለ ውሃ ነበር። አንድ ባለሀብት የመንደሩን ምንጭ በሽቦ አጥሯል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከብቶቿ እያለቁባት ነው። አንድ የሠረገላ ነጂ ውሃ በበርሜል ሊያመጣላት ተስማማ። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ጠባቂው ወደ ሶማልኛ ይመልስና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሁለቱ ወጣቶች ከእንቅልፋቸው ተነስተው ብረቱን ይዘው ቆሙ። ሽማግሌው ከፊት ተቀመጠ። ለፊልሙ ሰዎች ግድም አልነበረው። ከብቶቹ ሲመጡ ብቻ አንገቱን ያሰግጋል።

«እነዚህ ላሞች ውሃ ከጠጡ ሦስት ቀናቸው ነው» አለ፤ ጠባቂው ነው የተረጎመልኝ።

«ፊልም እኮ ነው» አለው ጠባቂው።

«ሰዎቹ ፊልም ይሆናሉ። ላሞቹ ግን ጠምቷቸዋል።»

ልክ ነበር። የላሞቹ ጎን ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል።

ከዚያ ባለሀብቱ ሠረገላውን አስቆመና አፉን ከፈተ። ሰሌዳው ወጣ። አየሁትና ወደ ጠባቂው ደብተር ተመለከትኩ። «እዚህ አገር ሕግ የለም፤ ያለው ጉልበት ነው» ይላል። ይህ በሶማልኛ ተጽፎ፣ ከእኔ ስም ጋር መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ታየኝ። ልለውጠው እችል ነበር። ጠባቂው አያውቅም። ቤቴ ውስጥ ለሳቅ ብዬ ስንቱን ለውጬ የለ።

«ምን ይላል?» አለ ጠባቂው።

እንዳለ አነበብኩለት። እስክሪብቶው ቆመ። አንደኛው ወጣት ወደ ውጭው በር ተመለከተ።

«የትኛው አገር?» አለኝ ጠባቂው።

«አሜሪካ።»

«መቼ?»

«ድሮ። መኪና ሳይኖር።»

«በአሜሪካ... ድሮ...» እያለ ቀስ ብሎ ጻፈው። ከዚያ ለሌሎቹ ተረጎመላቸው። መጀመሪያ የሳቀው ሽማግሌው ነው፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ጠባቂውም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። በዚያ ሳምንት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ የዓስር አዛን ተሰማ። ጠባቂው ላፕቶፑን አጥፎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ሻዩ ተቀድቶ ይጠብቀኝ ነበር። ከጎኑ በሶማልኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት አለ።

«ይህን ፈርም፤ ዛሬ ትወጣለህ ይላል» አለ ጠባቂው።

የሶማልኛ ጽሑፍ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ፣ የማነበውን ግን አላውቀውም። መውጣት ፈልጌ ነበር። ይህን አልደብቅም። ገላዬን መታጠብ፣ በራሴ በር ወጥቼ መግባት ናፍቆኝ ነበር። ወረቀቱን አገላበጥኩትና «ምን እንደሚል ይነበብልኝ» አልኩ።

መርማሪው እጁን አወዛወዘ፤ አጭር ነገር ተናገረ።

«አንተ ያልከው ነው፣ በአጭሩ ንገረው ይላል» አለ ጠባቂው።

በአጭሩ የሚለውን ለእኔ መንገር አልነበረበትም። ነገረኝ።

«እንዳለ ይነበብልኝ» አልኩ።

ጠባቂው ወረቀቱን አነሳ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን አነበበ። ዓርብ ዓርብ ፊልም እንደምናይ አነበበ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አነበበ። ሁሉም ልክ ነበር። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። መርማሪው ቀና ብሎ አየው። ጠባቂው ማንበቡን ቀጠለ።

«ሥራ ማቆሙን ያቀደውና ሌሎቹን ያስገደደው...» አለና የጋሼን ስም ከነአባታቸው፣ የመኪናቸውን ታርጋ ጨምሮ አነበበ። «ይህን የተናገርኩት በፈቃዴ ነው።»

ዘሎት ቢያልፍ ማን ያውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። አልዘለለውም። የመጨረሻዋን ቃል አንብቦ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። መርማሪው አሁን የሚያየው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር።

እስክሪብቶ ጠየቅኩ። መርማሪው የራሱን ሰጠኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ጠባቂው በጣቱ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። አሳየኝ። በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ያየ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ቀጭን መስመር። ጎኑ ላይ በአማርኛ «ይህን አላልኩም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ከግርጌው ፈረምኩ።

መርማሪው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ሻዩን ጨረሰ።

«እንደፈለገ ይላል» አለኝ ጠባቂው።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ውሃ ልጠጣ ጣሳውን ባነሳው ደረቴ ላይ ደፋሁት። ሽማግሌው ምንጣፉን ዘረጋና ከጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ ጠረገልኝ።

ከዚያ ሌላ አሥራ አምስት ቀን ቆየሁ። ያን ጠባቂ ዳግመኛ አላየሁትም፤ ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል አልኩ። አንድ ጠዋት «ዕቃህን ያዝ» ተባልኩ። ምክንያት የነገረኝ የለም። ያ ታስሮ የነበረው ሹፌርም በዚያው ሰሞን ዳኛ ፊት ቀረበ፤ በደብዳቤው ይሁን በሌላ አላውቅም።

ጋሼ በወጣሁ ማግስት ሙዝ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ስለ ምግቡ፣ ስለ መኝታው ጠየቁኝ። ሊሄዱ ሲነሱ በሩን ይዘው ቆዩ።

«መኪና ይቁም ያሉት እሳቸው ናቸው ብትላቸው አልቀየምህም ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ልጅ አለህ፣ እናት አለችህ። አልቀየምህም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ስለ ወረቀቱ አልነገርኳቸውም። እስካሁንም አያውቁም። አሁን ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ትተዋል፤ አገራቸው ገብተው በስልክ እንገናኛለን። ዓርብ ይሰበሰቡ ከነበሩት ግማሾቹ በሌላ መንገድ ሄደዋል። እኔ እዚሁ ሐርጌሳ ነኝ፤ የምሠራውም ያንኑ ሥራ ነው።

ያን ጠባቂ ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለአንድ መኪና የጎማ ከመነዳሪ ልገዛ ዋሄን ገበያ ገብቼ፣ ጎማ እስከ ጣሪያው በተደረደረበት አንድ ሱቅ ቆምኩ። ከጎማዎቹ ኋላ የወጣው ሻጭ እሱ ነበር። እጁ በጎማ ጠቁሯል። ወዲያው አወቀኝ።

«አንተ» አለና እጄን ጨበጠኝ።

ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ከዚያ «እዚህ መሥራት ከጀመርክ ቆየህ?» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንተ እዚያ እያለህ ነው የጀመርኩት» አለኝ።

ተሸካሚ ጋሪውን እየገፋ «መንገድ፣ መንገድ» ሲል ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ተጠጋን። «በዚያ ወረቀት ነው?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ፊቱን ሳየው መልሱን ማወቄን የሚያውቅ መሰለኝ። ከመነዳሪውን አውርዶ፣ ቀዳዳ እንደሌለው ነፍቶ አሳየኝና ሰጠኝ።

ይህን ታሪክ አንዳንዴ ለሰው እናገራለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሰረዝኩት መስመር ነው፤ ፈርተህ ነበር ወይ ይሉኛል። ፈርቼ ነበር እላለሁ። እኔ ለራሴ ወዳጅ ብዬ ነው የሰረዝኩት፤ ጋሼን እወዳቸው ነበር። ጠባቂው ግን ጋሼን አያውቃቸውም፣ እኔንም አያውቀኝም። እንዳለ ይነበብልኝ አልኩት፣ እንዳለ አነበበልኝ።

ከግቢያችን አጠገብ ሁለት ጎማ ቤቶች አሉ። እኔ ዋሄን ድረስ በእግሬ ሄጄ ከእሱ ነው የምገዛው። ያንን ቀን አንስተን አናውቅም።